የቋንቋ ጥግ፦ «ቴኔር» የሚባለው የስፓኒሽ ግስ

ባለፈው እትም በዚሁ ዓምድ ስለ ሥርዓተ ነጥብ አንብባችኋል። ዛሬ ደግሞ ወጣ ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ የስፓኒሽ ግስ ነው፤ ግሱም «ቴኔር» ይባላል። ብዙ ጊዜ «አለኝ» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ግን በዚያ ብቻ አያበቃም።

«ቂሊንጦ ቁጭ ብለን ስፓኒሽ ምን ያደርግልናል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ርዕሱን ለክበባችን ሳቀርብ ራሳቸው አባላቱ ስቀውብኛል። እኔ ግን ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ከነዚህም አንዷ ኢኳቶሪያል ጊኒ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ናት። ኳስ የምትወዱ ደግሞ ሳታውቁት ትናገሩታላችሁ። «ሪያል ማድሪድ» ስትሉ «ሪያል» ማለት «ንጉሣዊ» ማለት ነው። «ኤል ክላሲኮ» ላይ ያለው «ኤል» ደግሞ እንግሊዝኛው «ዘ» የሚለው ዓይነት ነው። ሁለተኛው መልሴ ሰፈራችን ውስጥ ነው ያለው።

እኛ ብሎክ ውስጥ አንድ ጎረቤት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሉኝ እኛ ልጆቹ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ናቸው። ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ሆነው ለብቻቸው ሲያንጎራጉሩ የምንሰማው አማርኛም ኦሮምኛም እንግሊዝኛም አይደለም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ ምን ቋንቋ ነው?» ስላቸው «ስፓኒሽ ነው ልጄ፤ እዚህ የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ ከራሴ ጋር ነው የማወራው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ያስተምሩኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከሳቸው የተማርኩት ነው፤ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ጋር ማወዳደሩን ግን ራሴ ነኝ የጨመርኩት።

ጋሼ ስፓኒሽ የተማሩት ኩባ ነው። ታሪኩን ማኅበራዊ ሳይንስ ላይ በጥቂቱ ስለምናገኘው ላስታውሳችሁ። በ1969 ዓ.ም ሐምሌ ወር ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ኢትዮጵያ ሚሊሻ አሠልጥና አዘመተች፤ የኩባ ወታደሮችም መጥተው አብረው ተዋጉ። የካራማራ ድል የሚባለው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም የተገኘው ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው፣ ኮከብ ያለበት ረጅሙ የትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም የተመረቀው ለዚያ ጦርነት መታሰቢያ ሲሆን፣ የሞቱት ኩባውያን ምስልም እዚያ አለ። በታክሲ ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩት።

ከጦርነቱ በኋላ አባቶቻቸው የሞቱባቸው በርካታ የኢትዮጵያ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ያረፉትም የወጣቶች ደሴት በምትባል፣ ከኩባ ዋና ምድር በስተደቡብ ባለች ደሴት ላይ ነው። እዚያ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያና የሌሎችም አገሮች ልጆች ይማሩ ነበር። ግማሽ ቀን ትምህርት ነው፤ ግማሽ ቀን ደግሞ ግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሥራ። ጋሼ የሄዱት በ1971 ዓ.ም፣ በ12 ዓመታቸው ነው። አባታቸው ሚሊሻ ሆነው ዘምተው ኦጋዴን ቀርተዋል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ፤ አሁን ወደ ግሱ።

በመጀመሪያ አነባበቡን እንያዝ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዕድለኞች ነን። ፈረንጆች የሚቸገሩበት «ኝ» የሚለው ድምፅ ስፓኒሽ ውስጥ አለ፤ ለኛ ደግሞ ምንም አይከብደንም። ዓመት «አኞ» ነው፣ ሲበዛ «አኞስ»። እዚህ ላይ አደራ! «ኝ»ን ወደ «ን» ለውጣችሁ እንዳታነቡ። ቃሉ ሌላ ትርጉም ይመጣበታል፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፣ ቲቸሮችም ያነባሉ። በተረፈ ስፓኒሽ ሲጻፍ «ኤች» የሚባለው ፊደል ድምፅ የለውም፤ ተጽፎ ይታለፋል። የኩባ ሰዎች ደግሞ ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። ስለዚህ ጋሼ ሲናገሩ «ትዬኔስ» እና «ትዬኔ» አንድ ይሆኑብኛል። መጽሐፍ ላይ ግን ይለያያሉ።

አሁን ግሱን እናርባው። «ቴኔር» ራሱ ሲጠራ ጉልበቱ «ኔር» ላይ ነው።

ዮ ቴንጎ — (እኔ) አለኝ
ቱ ትዬኔስ — (አንተ፣ አንቺ) አለህ፣ አለሽ
ኡስቴድ ትዬኔ — (እርስዎ) አለዎት
ኤል ትዬኔ — (እሱ) አለው
ኤያ ትዬኔ — (እሷ) አላት
ኖሶትሮስ ቴኔሞስ — (እኛ) አለን
ኡስቴዴስ ትዬኔን — (እናንተ) አላችሁ
ኤዮስ ትዬኔን — (እነሱ) አላቸው

እስፔን አገር ለ«እናንተ» ሌላ ቃል አላቸው፤ እኛ የኩባውን ነው የያዝነው። ልብ በሉ፣ «ቱ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ «አንተ» እና «አንቺ» ብለው አይለዩም። ማክበር ግን ያውቃሉ፦ «ኡስቴድ» የኛ «እርስዎ» ነው። ጋሼን ሳናግር «ቱ ትዬኔስ» ብል ነውር ባይሆንም እኔ «ኡስቴድ ትዬኔ» ነው የምለው፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ለኔ በጣም የገረመኝ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በአማርኛ «ወንድም አለኝ» እንላለን። ለሴት ስንሆን «እህት አለችኝ»፣ ሲበዙ «ወንድሞች አሉኝ» እንላለን። አለ፣ አለች፣ አሉ፤ ግሱ የተለዋወጠው በማን ምክንያት ነው? በወንድሜ፣ በእህቴ፣ በወንድሞቼ ምክንያት ነው። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እነሱ ናቸው ማለት ነው። እኔስ የት አለሁ? ጭራው ላይ «ኝ» ሆኜ ተለጥፌያለሁ! ቃል በቃል ስናየው «እህት አለችኝ» ማለት «ለኔ የምትሆን እህት አለች» እንደማለት ነው።

ስፓኒሽ ይሄን ይገለብጠዋል። «ቴንጎ ኡን ኤርማኖ» (ወንድም አለኝ)፣ «ቴንጎ ኡና ኤርማና» (እህት አለችኝ)፣ «ቴንጎ ዶስ ኤርማኖስ» (ሁለት ወንድሞች አሉኝ)። አያችሁ? «ቴንጎ» አልተነቃነቀም። ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ወንድምና እህት ተሳቢ ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ ሲማር «ያለው ነገር ስንት ነው? ሴት ነው ወንድ?» ብሎ ግሱን ለመቀየር መቸገር የለበትም። «ባለንብረቱ ማነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ኦሮምኛ የሚችሉ የክፍል ጓደኞቼ ከኛ ቀድመው ይገባቸዋል። ይሄን ያገኘሁት ከአጠገቤ ከምትቀመጠው ልጅ ጋር ስንነጋገር ነው። በኦሮምኛ «እህት አለችኝ» ሲባል «አኒ ኦቦሌቲ ቀባ» ነው። («ቀለም ቀባ» እንዳይመስላችሁ!) «አቲ ቀብዳ»፣ «ኑቲ ቀብና»፣ «ኢሳን ቀቡ» እያለ ልክ እንደ ስፓኒሹ በባለንብረቱ ነው የሚረባው። ደግሞ ያ ግስ «መያዝ» ማለትም ነው። «ቴኔር»ም የመጣው ከላቲን ሲሆን እዚያ ትርጉሙ «መያዝ» ነበር። ኩባና ቂሊንጦ እንዲህ የሚገናኙ አይመስለኝም ነበር። ለጋሼ ስነግራቸው «አርባ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም እየተናገርኩ አላስተዋልኩትም» ብለው ሳቁ።

የ«መያዝ» ትርጉሙ ዛሬም አልጠፋም። አንድ ነገር ስትሰጡ «ቴን!» ትላላችሁ፤ «እንካ!» ወይም «እንኪ!» ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ከሆነ «ቴንጋ»፣ ማለትም «ይውሰዱ»። «ቴን ኩይዳዶ» ደግሞ «ተጠንቀቅ» ነው፤ ቃል በቃል «ጥንቃቄ ያዝ»። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዋናውን መንገድ ስናቋርጥ ጋሼ ቢያዩን የሚጮኹት ይሄንን ነው።

ወደ ሰውነታችን ስሜት እንግባ። እንግሊዝኛ ቲቸራችን ሁልጊዜ እንደሚነግሩን እንግሊዝኛ ሲርብ «ነኝ» በሚለው ግስ ነው የሚናገረው። ስፓኒሽ ግን ረሃብን እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል፦

ቴንጎ አምብሬ — ራበኝ
ቴንጎ ሴድ — ጠማኝ
ቴንጎ ፍሪዮ — በረደኝ
ቴንጎ ካሎር — ሞቀኝ
ቴንጎ ስዌኞ — እንቅልፌ መጣ
ቴንጎ ሚዬዶ — ፈራሁ
ቴንጎ ፕሪሳ — ቸኮልኩ

ቃል በቃል «ረሃብ አለኝ፣ ጥም አለኝ፣ ብርድ አለኝ» ነው የሚሉት። ሦስቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ያስቃል። እንግሊዙ ረሃብተኛ ይሆናል፣ ኩባዊው ረሃብን ይይዛል፣ እኛን ደግሞ ራሱ ረሃቡ መጥቶ ይይዘናል። ለኔ የኛ ይሻላል፤ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የሚሰማኝ ልክ እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ያዙ። «በጣም ራበኝ» ለማለት «በጣም» የሚለውን ሳይሆን «ብዙ» የሚለውን ቃል ነው የሚጠቀሙት፤ «ቴንጎ ሙቻ አምብሬ» ማለትም «ብዙ ረሃብ አለኝ»። ምክንያቱም «አምብሬ» ስም እንጂ ቅጽል አይደለም። ቃሉ በስፓኒሽ ሴቴ ስለሆነ «ሙቻ» ሆነ። «ስዌኞ» ግን ወንዴ ነው፤ «ቴንጎ ሙቾ ስዌኞ»።

ልክ ነህ ሲሉም በዚሁ ግስ ነው፦ «ትዬኔስ ራሶን»። ዕድሜም እንዲሁ። «ኳንቶስ አኞስ ትዬኔስ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ «ስንት ዓመትህ ነው?» እያላችሁ ነው። «ቴንጎ ካቶርሴ አኞስ»፣ 14 ዓመቴ ነው።

አሁን ደግሞ «ቴኔር ኬ» ወደሚባለው እንለፍ። ለፈተናም ለኑሮም ይሄ ነው ዋናው። «ቴንጎ» ላይ «ኬ» ጨምራችሁ ሌላ ግስ ስታስከትሉ ትርጉሙ ከ«አለኝ» ወደ «አለብኝ» ይዞራል።

ቴንጎ ኬ ኤስቱዲያር — ማጥናት አለብኝ
ትዬኔስ ኬ ኮሜር — መብላት አለብህ፣ አለብሽ
ቴኔሞስ ኬ ሊምፒያር ኤል አውላ — ክፍሉን ማጽዳት አለብን

አማርኛችን ይሄን ሥራ የሚሠራው በአንዲት «ብ» ነው። አለኝ፣ አለብኝ። አለን፣ አለብን። የተጫነብንን ነገር ሁሉ በ«ብ» ነው የምናሳየው፤ «ዘነበብኝ፣ መሸብኝ» እንደምንለው። ኦሮምኛም «በረቹ ቀብዳ» ይላል፤ «መማር አለብህ» ማለት ነው፣ ያው «ቀብዳ» ተመልሶ መጣ። በሦስቱም ቋንቋ «ያለው ነገር» እና «ግዴታ» ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ሁለት ቦታ ላይ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ዕዳ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «50 ብር አለኝ» ካላችሁ ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ይላል። «50 ብር አለብኝ» ካላችሁ ግን ደብተሩን ያወጣል። ስፓኒሽ ዕዳን በ«ቴኔር» አይናገርም፤ «ዴቦ ሲንኩዌንታ ቢር» ይላል፤ «ዴቦ» የሌላ ግስ ልጅ ነው። ሁለተኛው ልዩነት አፍራሹ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው ያሳስታል። «ኖ ቴንጎ ኬ ኢር» ማለት «መሄድ ግዴታዬ አይደለም፤ ብፈልግ እሄዳለሁ፣ ባልፈልግ እቀራለሁ» ማለት ነው። በአማርኛ ግን «መሄድ የለብኝም» ስንል ብዙ ጊዜ «መሄድ ክልክል ነው» ማለታችን ነው። ክልከላ ከሆነ ስፓኒሹ «ኖ ዴቦ ኢር» ነው።

ጋሼ ስለዚህ ያጫወቱኝ አለ። ደሴቲቱ ላይ አንድ አብሯቸው የሄደ ልጅ ትኩሳት ነበረው። ነርሷ «ኖ ትዬኔስ ኬ ትራባኻር ኦይ» አለችው፤ «ዛሬ ካልፈለግህ አትሥራ» ማለቷ ነው። ልጁ ግን «መሥራት የለብህም» ብሎ በአማርኛ ስለተረጎመው የተከለከለ መሰለው። ከጓደኞቹ ጋር ግሬፕፍሩት መልቀም በጣም ይወድ ስለነበር ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ሲያለቅስ ዋለ። ማታ ነርሷ መጥታ «ምን ሆነሃል?» ብላ ስትጠይቀው ነው ነገሩ የታወቀው። «ምን ሆነሃል» እሱም በ«ቴኔር» ነው፦ «ኬ ትዬኔስ?»፣ ቃል በቃል «ምን አለህ?»።

አሁን በኋላ እመለሳለሁ ወዳልኩት ልመለስ። አፍራሹን «ኖ ቴንጎ» (የለኝም) ሲያስተምሩኝ ጋሼ ይሄን ነገሩኝ፤ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል።

ኩባ በገቡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የቋንቋ አስተማሪያቸው ስለ ቤተሰብ የሚል ትምህርት ጀመረች። ወጣት ሴት ናት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፓድሬ» (አባት)፣ «ማድሬ» (እናት)፣ «ኤርማኖ» ብላ ጻፈችና ተራ በተራ መጠየቅ ጀመረች። የመጀመሪያውን ልጅ «ትዬኔስ ፓድሬ?» አለችው። «ኖ ቴንጎ» አላት። ሁለተኛውን ጠየቀች፤ «ኖ ቴንጎ»። ሦስተኛዋ ልጅ ጋሼ አጠገብ የተቀመጠች ነበረች፤ እሷም «ኖ ቴንጎ» አለች። ልጆቹ ሰዋስዉን በትክክል ነበር የመለሱት። አስተማሪዋ አራተኛውን አልጠየቀችም። ጋሼ አምስተኛ ነበሩ። መጽሐፉን ዘጋችና ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥታ ኳስ አጫወተቻቸው።

በማግሥቱ ስትመጣ ትምህርቱን ዘልላዋለች። ገና ብዙ ምዕራፍ ቀርቶት የነበረውን የኃላፊ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «ቴኒያ»። «ነበረኝ፣ ነበረው» ማለት ነው። ከዚያም «አባቴ» ብላችሁ ጀምሩና አባታችሁ የነበራቸውን አንድ ነገር ጻፉ አለቻቸው። መዝገበ ቃላት ይዛ በየወንበሩ እየዞረች፣ በእጅ ምልክትም በሥዕልም የሚፈልጉትን ቃል ትፈልግላቸው ነበር። አንዱ በሬ፣ አንዱ ራዲዮ፣ አንዷ ጢም ጻፈች። ጋሼ የጻፉት «ሚ ፓድሬ ቴኒያ ኡን ካባዮ ብላንኮ» ነው። አባቴ ነጭ ፈረስ ነበረው።

ደብተሩ አሁንም አላቸው። አሳይተውኛል፤ ሽፋኑ የለም፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። መጀመሪያ «ትዬኔ» ብለው ጽፈው ነበር፣ «አለው» እንደማለት። አስተማሪዋ በቀይ ሰርዛ ከላዩ «ቴኒያ» ብላለች። «ይቺን ቀይ መስመር ለረጅም ጊዜ አልወደድኳትም ነበር» አሉኝ ጋሼ።

እንግዲህ ጊዜውን ከዚሁ ያዙት። «ቴንጎ» አለኝ፣ «ቴኒያ» ነበረኝ፣ «ቴንድሬ» ይኖረኛል። «ስፓኒሽ ግሱ ሥርዓት የለውም» የሚል ሰው ቢኖር የኛን ይመልከት፤ አለ፣ ነበረ፣ ይኖራል፤ ሦስቱም መልካቸው የተለያየ ነው! «ቴኔር» ቢያንስ «ቴ»ን አይለቅም።

«አለ» ካልኩ አይቀር፣ ሁልጊዜ «ቴኔር» እንዳይመስላችሁ። «ዳቦ አለ?» ስትሉ ባለቤት ሳትጠሩ ከሆነ ስፓኒሹ «አይ ፓን?» ነው። «አይ» ማለት «አለ» ማለት ነው። የኛ ሰፈር ባለሱቅ «አይ!» ካለ ዳቦው አልቋል፤ የኩባው «አይ!» ካለ ግን ገና ትኩስ አለ። «ቲቸር አሉ?» ስትሉ ደግሞ ሦስተኛ ግስ ነው፤ «ኤስታ ኤል ማኤስትሮ?» ይባላል። የኛ አንዷ «አለ» ሦስት ቦታ ትከፈላለች፦ መኖሩን ለማሳየት «አይ»፣ የት እንዳለ ለማሳየት «ኤስታ»፣ የማን እንደሆነ ለማሳየት «ትዬኔ»።

አንድ አጠቃቀም ቀርቶኛል፤ መጽሐፍ ላይ በቶሎ አታገኙትም። ጋሼ በዚያው ዓመት አንድ ማታ መኝታ ቤታቸው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው አስተማሪዋ አለፈች። «ኬ ትዬኔስ?» አለቻቸው። «ናዳ» አሏት፤ ምንም። አጠገባቸው ተቀመጠችና ትንሽ ዝም ብላ «ሜ ትዬኔስ አ ሚ» አለቻቸው። ጋሼ ያን ጊዜ አልገባቸውም። ቃሎቹን ያውቋቸዋል፤ «ትዬኔስ» አለህ፣ «ሜ» እና «ሚ» እኔን፣ እኔ። «እኔን አለህ»? በአማርኛ እንዲህ ተብሎ አይነገርም። ደብተራቸው ላይ እንደሰሙት ጽፈው አስቀመጡት። ከወራት በኋላ ነው አንድ ትልቅ ተማሪ ሲያየው በአማርኛ የነገራቸው፦ «አለሁልህ» ማለት ነው።

እኔ ይሄን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። እህት አለችኝ ላይ እንዳየነው እዚህም አቅጣጫው ተገልብጧል። በስፓኒሽ ባለቤቱ «አንተ» ነህ፤ አንተ እኔን ይዘሃል፣ እኔ ያንተ ነኝ። በአማርኛ ባለቤቱ «እኔ» ነኝ፤ እኔ አለሁ፣ ለአንተ። «ብ» ሸክም እንደሚያሳይ ሁሉ «ል» ደግሞ ጥቅምን ያሳያል። አለብህ፣ አለልህ። አለሁብህ የሚል ሰው ብዙ የለም፤ አለሁልህ የሚል ነው ያለው። ለአማርኛ ቲቸራችን ይሄን ስጠይቃቸው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብለው ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ አድርገው ለክፍሉ ሰጡት፤ የክፍሌ ልጆች ይቅርታ።

ጋሼ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከአስተማሪዋ ጋር ሁለት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ተቋርጧል። አሁን ቅዳሜ ሲሆን እኔ «ኬ ትዬኔ ኡስቴድ ኦይ?» እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንደ ቀኑ ይመልሳሉ፦ ጉልበታቸውን ሲያማቸው «ቴንጎ ዶሎር» (ሕመም አለኝ)፣ ሌላ ጊዜ «ቴንጎ ትራባኾ» (ሥራ አለኝ)። ባለፈው ሳምንት «ቴንጎ ኡና አሉምና» አሉ። ተማሪ አለችኝ።

መልመጃ። የሚከተሉትን ወደ ስፓኒሽ መልሱ፦

1. 13 ዓመቴ ነው። (13 «ትሬሴ» ነው)
2. በጣም ራበን። («ራበን» ማን ባለቤት ይሆናል?)
3. ሦስት እህቶች አሏት። (3 «ትሬስ» ነው)
4. እርስዎ ልክ ነዎት።
5. ነገ ማጥናት አለባችሁ። (ነገ «ማኛና» ነው)
6. ነገ ማጥናት ግዴታችን አይደለም።
7. እናቴ ነጭ ፈረስ ነበራት።
8. ዳቦ አለ? — አለ።

መልሳችሁን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ባለው የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ እስከ ዓርብ ክተቱ። የሚያርሙት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼላቸዋለሁ።

አስታ ላ ፕሮክሲማ! (እስከሚቀጥለው እትም!)